የተዘጋ የዓይን ደም ሥር ለምን በኦፕራሲዮን አይከፈትም? (43 መልሶች)

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሰፍቷል። መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ጨፈነ። የመርፌው ቀዳዳ የለም። መርፌው ራሱ መሃሉን ጭጋግ በልቶታል፤ ጫፉና የያዙት ጣቶች ብቻ ይታዩታል። ግራውን ሲገልጥ ሁሉም ነገር ተመለሰ። አላመመውም፣ አልቀላም፣ አላሳከከውም።

ስላላመመው ችላ አለው። ታጠበ፣ ተኛበት፣ ሳምንት አለፈ። አንድ ክሊኒክ ጠብታ ሰጠው። አንድ መነጽር ቤት መነጽር ሸጠለት። ወር ተኩል እንዲህ ባከነ። በመጨረሻ ድሬ አምጥቼው የዓይን ሐኪም ዘንድ ገባን። ብሌኑን በጠብታ አስፍተው አዩት። ሬቲና የሚሉት፣ ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ፣ ደሙን የሚመልስ አንድ የደም መልስ ሥር ቅርንጫፍ ተዘግቷል። ደም ፈሷል። ጥርት አድርገን የምናይበት የሬቲናው መሃል፣ ማኩላ የሚሉት፣ አብጧል። ሕክምናው በየወሩ ዓይን ውስጥ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ያውም አዲስ አበባ ሄዶ።

ወደ ሐረር ስመልሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ግን ዞር ብሎ ጠየቀኝ። ሥሩ ከተዘጋ ለምን አይከፍቱትም? እሱ ስፌት ሲበላሽ ይተረትራል። እነሱ ለምን አይተረትሩም?

መልስ አልነበረኝም። ማታ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቤቴ ስገባ የአባቴን ጥያቄ እንዳለ የድሬና የሐረር ልጆች የምንወያይበት መድረክ ላይ ለጠፍኩት። 43 መልስ መጣ። እስከ ዛሬ በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ምን እንደተባለ በራሴ ቃል እዚህ አሰፍራለሁ። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ።

የመጀመሪያው መልስ ምርቃት ነው። ጸሐፊው አባቴን ያውቀዋል፤ የሠርጉን ሱሪ የሰፋለት እሱ ነው። ምሕረት ተመኘለትና ስለ ሕክምናው ግን እንደማያውቅ በቅንነት ተናገረ። 2ኛው ከድሬ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፈ ወጣት ነው። የአባቴን ጥያቄ ደገፈ። የአጎቱ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ በቀጭን ቱቦ ገብተው እንደከፈቱለት ነገረን። ልብን የከፈተ ሕክምና ዓይንን እንዴት ያቅተዋል አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ወደ ታች መጥቷል።

3ኛውን የጻፈችው እናቷ በዚሁ በሽታ የታከመች የሐረር ልጅ ናት። ስለ ኦፕራሲዮን አንድም ቃል አላነሳችም። አባቴ መርፌውን ፈርቶ እንደሆነ ገብቷታል፤ እናቷም ፈርታ ነበር። የሆነውን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረጋል፣ ይደገማል። ከዚያ ቡናማ የአዮዲን ፈሳሽ ዓይኑ ላይና ዙሪያው ይፈሳል፤ ጀርም የሚገድለው እሱ ነው። በሽተኛው ዓይኑን እንዳይከድን በትንሽ ሽቦ የዓይኑ ቆብ ይያዛል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልከቺ ይሏታል፤ መርፌው በነጩ በኩል ይገባል። የጥቁሩ ጠርዝ ሲያበቃ 4 ሚሊሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነው። እናቷ የተሰማት አንድ ጫን ያለ ነገር ብቻ ነው። እስክትተነፍስ አልቋል። ማታውን አዮዲኑ አቃጠላት፣ በነጋታው ነጩ ላይ ደም የመሰለ ነጥብ ነበር፣ በሳምንቱ ጠፋ።

ይህን መልስ ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። የሽቦው ነገር ላይ ሲደርስ እንድደግመው ጠየቀኝ። ከዚያ ሁሉ የሚያስፈራው መርፌው ሳይሆን ሳያስበው ዓይኑን ቢከድን የሚለው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

4ኛው መልስ ማር ዓይን ውስጥ ጠብ ማድረግና ጥቁር አዝሙድ በጠዋት መብላት መከረ። 5ኛው ገነፈለ። ጸሐፊው በዚህ ምክር የጎረቤቱ ልጅ ዓይን እንደቆሰለ ገልጾ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ከመድረኩ እንዲታገድ ጠየቀ። 4ኛዋ ተመልሳ መጣች፤ አያቷ በዚህ እንደዳኑና ማንንም ልትጎዳ እንዳልፈለገች ጻፈች። ይህ 6ኛው ነው። 7ኛዋ ነርስ ናት፣ ሐረር የምትሠራ። ሁለቱንም አበረደች። ማር ቢደረግ የሚደርሰው የዓይን የላይኛው ቆዳ ላይ ነው፤ በሽታው ያለው ደግሞ ከኋላ፣ ዓይን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ጠብታ ያልደረሰበት ቦታ ማር አይደርስም። አያትየው የዳኑት ምናልባት ከሌላ ሕመም እንደሆነም አስታወሰች። ደግሞም አንዳንድ ቅርንጫፍ ሲዘጋ እብጠቱ ያለ ሕክምና የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ያን ሰሞን የወሰዱትን ሁሉ መድኃኒት ነበር ይላሉ።

8ኛው መልስ ላይ ውይይቱ መልክ ያዘ። ጸሐፊው የድሬ፣ የመጋላ ልጅ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ የሬቲና ሐኪም ነው። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ዋናውን እነግራችኋለሁ። ሬቲና ላይ ደም የሚያመጣው ደም ቅዳና ደሙን የሚመልሰው ደም መልስ በብዙ ቦታ ይሻገራሉ። በሚሻገሩበት ቦታ ሁለቱም በአንድ ሽፋን ውስጥ ናቸው። የደም ግፊት ለዓመታት ሲቆይ ደም ቅዳው ይጠነክራል፣ ይወፍራል። ጎኑ ያለውን ለስላሳ ደም መልስ ይጫነዋል። ደሙ ይዘገያል፣ ይረጋል፣ ይዘጋል። ከኋላ የተጠራቀመው ደምና ውኃ ወደ ሬቲናው ይፈሳል። ቅርንጫፉ ሲዘጋ የእይታው ከፊል ይሄዳል። ዋናው ግንድ፣ ከዓይን ነርቭ ጋር የሚወጣው፣ ሲዘጋ ደግሞ መላው ሬቲና ይመታል፤ እሱ ይከፋል።

ለአባቴ ይህን በሱሪ ወገብ ነው ያስረዳሁት። ገመድ የሚገባበትን እጥፋት አስብ አልኩት። በአንድ እጥፋት ሁለት ገመድ አስገብተሃል። አንዱ እንደ ሽቦ ደረቀ። ሌላው አልሳብ አለ። ወዲያው ገባው። ገብቶትም ጥያቄውን አልተወም። እጥፋቱ ይተርተራ!

9ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ይህንኑ ለዶክተሩ ጻፍኩለት። 10ኛው የእሱ መልስ ነው። ከውይይቱ ሁሉ ከያዝኩት የምወደው ይሄን ነው። አባቴ ያሰበውን ሐኪሞች አስበውታል፤ ደግሞም ሠርተውታል። በ1988 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተጻፈ። ዓይን ውስጥ የሞላውን ዝልግልግ ያወጡና በሚሻገሩበት ቦታ ያንን የጋራ ሽፋን በስስ ስለት ይቆርጡታል። ቃል በቃል መተርተር ነው። ለዋናው ግንድ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. ሌላ ዘዴ መጣ፤ የዓይን ነርቩን ጠርዝ ወጋ አድርጎ ግንዱ የታነቀበትን ቦታ ማላላት። ትንሿ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ አስገብተው የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት የረጩም አሉ። በየዘዴው የዳኑ ሰዎች ነበሩ። ግን ከሌላው ሕክምና ጋር ሲተያይ ጥቅሙ ጎልቶ አልወጣም። ዝልግልጉን ብቻ አውጥተው ሽፋኑን ሳይነኩ የተዉላቸው ሰዎችም እብጠታቸው ቀንሷል። ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። የደማባቸው፣ ሬቲናቸው የተቀደደ፣ የጎን እይታቸው የጠፋባቸው አሉ። ስለዚህ አብዛኛው ሐኪም ትቶታል።

ለሳቢያኑ ልጅም መለሰለት። ቱቦ የሚገባበት የልብ ደም ሥር ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሬቲና ላይ ያለው ትልቁ ደም መልስ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያህል ነው። ከመስፊያ ክር ይቀጥናል። አባቴ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ፣ እንዲያ ካለ ነገር እጅ መሰብሰብ ነውር እንደሌለው ተናገረ። ባለሙያ ነው፤ ክር ያውቃል።

ኦፕራሲዮን ጭራሽ ቀረ ማለት እንዳልሆነ ዶክተሩ አክሏል። ዓይን ውስጥ የፈሰሰው ደም አልጠራ ካለ፣ ሬቲናው ከተላቀቀ፣ ያኔ ቢላ ይነሳል። የተዘጋውን ለመክፈት ግን አይደለም።

11ኛው ሰው ጣልቃ ገብቶ ዶክተሩ ሌዘርን ረሳ ብሎ አረመው። አባቱ ከብዙ ዓመት በፊት በሌዘር ተሽሏቸዋል። ዶክተሩ በ12ኛው እርማቱን ተቀበለ። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ቅርንጫፍ የተዘጋባቸው ሰዎች በሌዘር ሲታከሙ ከ100ው 65ቱ በፊደል ሰሌዳው ላይ 2 መስመርና ከዚያ በላይ ወደ ታች ማንበብ ቻሉ። ሳይታከሙ ከቀሩት 37ቱ። ለ20 ዓመት ያህል ሕክምናው እሱ ነበር። ግንዱ ለተዘጋባቸው ግን በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት አሳዘነ። ሌዘሩ ፈሳሹን ቀነሰ፤ እይታው ግን አልተሻለም። ዛሬ ሌዘር ዋና ሥራው ሌላ ነው፤ እሱን ወደ ታች 29ኛው ላይ ታገኙታላችሁ።

ከ13 እስከ 17 ያለው የመድኃኒት ክርክር ነው። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። 13ኛው ሰው መርፌው ሥሩን የሚከፍተው በስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀ። ዶክተሩ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠ። አይከፍተውም። ደም ያጣው ሬቲና ቪኢጂኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህ ነገር የደም ሥሮችን ያስለቅሳል፣ አዳዲስ ሥር ያበቅላል። መርፌው ይዞ የሚያስቀምጠው እሱን ነው። ፈሳሹ ይቆማል፣ እብጠቱ ይደርቃል። መድኃኒቱ በወር አካባቢ ያልቃል። ሬቲናው አሁንም ከተራበ እብጠቱ ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በየወሩ ይሰጣል። ከደረቀ በኋላ 6 ሳምንት፣ 8 ሳምንት እያሉ ያራዝሙታል።

ቁጥርም ጠቀሰ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጡ 2 ጥናቶች አሉ፤ መድኃኒቱ ሉሴንቲስ ነው። ቅርንጫፍ ከተዘጋባቸው ከ100ው 61 ያህሉ በ6 ወር 3 መስመርና ከዚያ በላይ አሻሻሉ። የማስመሰያ መርፌ ከተደረገላቸው 29 ያህሉ። ግንድ ለተዘጋባቸው 48 ለ17 ነው። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያየሁት የተሻለላቸውን ነው። ቆይቼ ያልተሻለላቸውንም ቆጠርኩ። ለአባቴ ሁለቱንም ነገርኩት። መደበቅ አልፈለግኩም።

14ኛው ሰው ቁጡ ነው። እዚህ አገር ለድሃ የሚሰጠው አቫስቲን የካንሰር መድኃኒት እንደሆነና ሀብታሙ ውጭ ሄዶ ትክክለኛውን እንደሚወጋ ጻፈ። 15ኛው ደገፈው። 16ኛው ዝም በሉ፣ ሰው አታስፈራሩ አለ። ነርሷ በ17ኛው ተመለሰች። አቫስቲን በ2004 እ.ኤ.አ. ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደ መሆኑ እውነት ነው። ለዓይን ተብሎ አልተሠራም። ግን የሚይዘው ያንኑ ቪኢጂኤፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓይን አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ግንዳቸው በተዘጋ 362 ሰዎች ላይ አይሊያ ከሚባለው ሌላ የዓይን መርፌ ጋር አወዳድረውት በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጥቷል፤ በ6 ወር ከአይሊያ እንደማያንስ ታየ። እርካሽ የሆነው አንዷ ብልቃጥ ለብዙ ዓይን ስለምትበቃ ነው። 4 ሚሊ ሊትሯ ብልቃጥ 100 ሚሊ ግራም ትይዛለች፤ ለአንድ ዓይን የሚበቃው 1.25 ሚሊ ግራም ነው። ዶክተሩ እዚህ ላይ አንድ ነገር አረማት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አቫስቲን ከሌሎቹ እንደማያንስ ማረጋገጥ አልቻለም፤ ስለዚህ ፍጹም እኩል ናቸው ብሎ መማል ልክ አይደለም። እሱ ግን አንድ ሰው በውድ መድኃኒት 2 ጊዜ ተወግቶ ከሚያቋርጥ በአቫስቲን ሳያቋርጥ ቢታከም ይመርጣል። እኔም ተስማማሁ።

18ኛው ላይ ደነገጥኩ። አንድ ሰው ብልቃጡን ከጅቡቲ በዘመድ አስመጥቶ፣ በመኪና፣ በፌስታል፣ እናቱን ለማስወጋት እንዳሰበ ጻፈ። ነርሷ በ19ኛው ከዚህ በፊት ያላየንባትን ቁጣ አሳየች። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ድሬ በሰኔ ምን እንደምትመስል ይህ ሰው ያውቃል። በፌስታል የመጣ ብልቃጥ ቢበላሽ በዓይን አይታይም። ብልቃጡ በንጹሕ ቦታ ካልተከፋፈለ ደግሞ ጀርም ይገባዋል። በንጹሕ ቦታ ሲሠራ ከሺዎች አንድ ሰው ላይ የሚያጋጥም ኢንፌክሽን፣ እንዲህ ሲሠራ ብዙ ዓይን ያጠፋል። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሕመም ከጨመረ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ እይታው ከቀነሰ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም። ሰውየው አመስግኖ ሐሳቡን እንደተወ ጻፈ። ለእናቱ ደስ አለኝ።

ከዚያ ውይይቱ ከመንገድ ወጣ። 21ኛው ሰው አባቴ ጫት ይቅም እንደሆነ ጠየቀ። ይቅማል። ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ከጓደኞቹ ጋር። አንዱ ጫት ነው የዘጋው ብሎ ፈረደ። ሌላው ያ እውነት ቢሆን ግማሹ ሐረር በዱላ ይሄድ እንደነበር መለሰ። አወዳይ፣ ዋጋ፣ የድሮ ጫት፣ የዘንድሮ ጫት እየተባለ 4 መልስ ሄደ። ነርሷ ናት የመለሰችን። ጫት ይህን በሽታ በቀጥታ አመጣ አትልም። ግን ጫት የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፤ የዚህ በሽታ ትልቁ አባት ደግሞ ግፊት ነው። ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ሲጋራ፣ ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ከኋላው ይሰለፋሉ። ስለዚህ ጥያቄው አባቴ ምን ይቅማል ሳይሆን ግፊቱ ስንት ነው የሚለው እንደሆነ ጻፈች።

ግፊቱ ያን ቀን 170 በ100 ነበር። ክኒን ታዞለታል፤ ከ3 ዓመት በፊት። የሚወስደው ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነበር። ይህን መድረክ ላይ መጻፍ ከበደኝ፤ ጻፍኩት። ከጻፍኩ በኋላ 3 ሰዎች የእነሱም አባት እንዲያ እንደሚያደርግ በውስጥ መስመር ነገሩኝ። አንዱ ደግሞ አስፕሪን ጀምሩለት ብሎ መከረ። ዶክተሩ ወዲያው አቆመው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የተዘጋውን ሥር እንደሚከፍት ማስረጃ የለም። የልብ ሐኪም ያዘዘለት ሰው አያቁም፤ በራሱ የሚጀምር ደግሞ አይኑር።

በመሃል አንድ የአዲስ አበባ ሰው ተቆጣ። ዶክተሩን አንተ የምንለው ለምንድን ነው፣ ሐኪም አይከበርም ወይ አለ። ስለ ዓይን የረሳን መሰለ፤ ሁሉም የድሬ ልጅ ተነሳ። ድሬ ላይ ሽማግሌም አንተ ነው፣ ፍቅር ነው፣ ንቀት አይደለም የሚል ብዙ ተጻፈ። አንዱ ጠንከር ያለ ቃል ወርውሮ ነበር፤ በኋላ ራሱ አጠፋው። ዶክተሩ ራሱ ገብቶ ገላገለን። የመጋላ ሰው እርስዎ ሲለው የተቀየመው እንደሚመስለው ጻፈና ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ለመነ። አዲስ አበቤውም ይቅርታ ጠየቀ። እስካሁን እየተከታተለን ነው፣ ጨዋ ሰው ነው።

29ኛውን የጻፉት አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። የእሳቸው ግንዱ ነበር የተዘጋው። መርፌ 2 ጊዜ ተወጉ። ትንሽ ተሻላቸው። የመንገዱ ወጪ ከበዳቸው፤ የተሻለ ዓይንም ይበቃኛል አሉና ቀጠሯቸውን ተዉ። በ3ኛው ወር አንድ ሌሊት ዓይናቸው እንደ እሳት ነደደ። አስመለሳቸው። ግንባራቸው ሊፈነዳ ደረሰ። የተራበው ሬቲና አዳዲስ ሥር አብቅሎ፣ ሥሩ የዓይኑን ውኃ መውጫ ዘግቶ፣ ግላኮማ ሆኗል። ሐኪሞች የ90 ቀን ግላኮማ የሚሉት ይህ እንደሆነ ዶክተሩ ከሥሩ አስረዳ። ሌዘር ዛሬ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ሥር መብቀሉ እንደታየ የተራበውን የሬቲና ጠርዝ በሌዘር ይተኩሱታል። በቀጠሮ ቢመጡ ኖሮ ይታይ ነበር። ሰውየው በዚያ ዓይናቸው ዛሬ ብርሃንና ጨለማ እንኳ አይለዩም። ማንንም አልወቀሱም። አባቴ እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ አሉኝ።

ይህን መልስ ለአባቴ በስልክ አላነበብኩለትም። ሐረር ወጥቼ፣ ሱቁ ገብቼ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩለት። የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማ። የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን ገና አልሄድም ይል ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። አንዲት ሴት ቁልቢ ገብርኤል እንድንሳል መከረች። እኛ ሙስሊሞች መሆናችንን ስነግራት እኔ እሳልላችኋለሁ አለች፤ አባቴ አሜን አለ። አንድ ሰው ጸሎትና መርፌ አብሮ አይሄድም ብሎ ተነሳ። ሦስት ሰዎች፣ ሁለት ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን፣ አብሮ እንደሚሄድ መለሱለት። 36ኛው እብጠት ስለሚቀንሰው መድኃኒት፣ ስለ ስቴሮይድ ጠየቀ። ዶክተሩ እንደገለጸው ኦዙርዴክስ የሚባል ዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ዘንግ አለ፤ 0.7 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ይዞ ለወራት ቀስ እያለ ይለቃል። በየወሩ መምጣት ለማይችል ሰው ይረዳል። ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ግላኮማ ላለበት ሰው አይቸኩሉበትም።

40ኛው የእኔ ነው፤ ወሬውን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ 4 ጊዜ ተወግቷል። የመጀመሪያውን ቀን እጄን ጨብጦ ነበር የገባው። ሲወጣ በጣም ከመፍጠኑ የተነሳ ተወግቼ ነው ወይ ብሎ እዚያ ያለችውን ነርስ ጠይቋታል። ኦሲቲ በሚባለው ማሽን የማኩላው ውፍረት መጀመሪያ 512 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነበር። አሁን 310 ነው። በፊደል ሰሌዳው ከበፊቱ 2 መስመር ወደ ታች ማንበብ ችሏል። ቀዳዳው አሁንም በዚያ ዓይን አይታየውም፤ መርፌው ግን ሙሉ ሆኗል። ክር የሚያስገባለት የጎረቤት ልጅ አለ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ከትምህርት ሲመለስ 20 መርፌ ላይ ክር አስገብቶ ስፖንጅ ላይ ይሰካለታል። ግፊቱን በየጠዋቱ ይለካል። ክኒኑን የመቁረጫ መቀሱ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው።

የሳቢያኑ ልጅ በ41ኛው እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። ዶክተሩ በ42ኛው ውፍረቱ መቀነሱን አይተን እንዳንዘናጋ፣ በተለይ የሚቀጥሉትን 2 ቀጠሮዎች እንዳናሳልፍ አሳሰበ።

43ኛው ትናንት ማታ ነው የገባው። ከጭሮ ነው። የጻፈችው ሴት እናት ከ3 ሳምንት ጀምሮ በአንድ ዓይኗ አታይም፤ አያማትም። እዚያው ያየቻት ሐኪም አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ሪፈር ጽፋላታለች። ብቻዋን አልሄድም ብላ ተቀምጣለች። ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት ከሸዋ በር እንነሳለን። መኪናው ላይ ከአባቴ ጎን አንድ ቦታ አለ። ጭሮ መናኸሪያው በር ላይ እንዲጠብቁን ጽፌላታለሁ።